የሰረዝኩት ሦስተኛ መልስ

ዕቅዱ አሁንም ቤቴ አለ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ አልጋዬ ሥር ከአሮጌ ጫማዎቼ ጋር የተወሸቀ ሰነድ ነው። ርዕሱ ረጅም ነው፤ «የመሥሪያ ቤቶች የመረጃ አገልግሎቶች በትርጉም የሚግባቡበት አወቃቀርና የመጠያየቂያ ደንብ» ይላል። ያን ጊዜ ርዕስ ሲረዝም ሥራው የሚከብር ይመስለኝ ነበር። ከመሃሉ በእርሳስ አንድ መስመር የሰረዝኩበት ገጽ አለ። የምጽፈው ስለዚያ መስመር ነው። ሌላው ገጽ ሁሉ ለማንም ጥቅምም ጉዳትም አልሰጠም።

የሰው ስም አልጽፍም። ከጨዋነት የተነሣ አይደለም። ስም ወረቀት ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው።

አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ከኮሌጁ ወደ ቤቴ ስሄድ በቢሮዎች በር አልፋለሁ፤ ከየገጠሩ የመጡ ሰዎች ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው በየበሩ ቆመው አያለሁ። መሬት ጉዳይ ያለው ገበሬ «ነዋሪ መሆንህን ከቀበሌ አጽፈህ አምጣ» ይባላል። ቀበሌው «መሬት እንዳለህ ማስረጃ አምጣ» ይለዋል። ጤና መድን የሚጽፉት ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቁታል። ሦስቱም ጋ ኮምፒውተር አለ፤ ሦስቱም ኮምፒውተሮች ሰውየውን ያውቁታል፤ እርስ በርስ ግን አይነጋገሩም። ስለዚህ ሰውየው በባጃጅ እየተንከራተተ የሦስት ማሽን ተላላኪ ይሆናል። ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ንዴቴን ከችሎታዬ ለይቼ አላውቀውም ነበር።

ከዚያ አንድ ፕሮጀክት መጣ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዕቅዱን እንድነድፍ እኔን ጠሩኝ።

በሐሳቡ እስከ ዛሬ አላፍርም። የሁሉንም መዝገብ አንድ ቦታ አጉረን አንድ ትልቅ መጋዘን እንሥራ አላልኩም። እያንዳንዱ ቢሮ መዝገቡን እንደያዘ ይቀመጥ፤ ነገር ግን አንዱ ማሽን ሌላውን የሚጠይቅበት ደንብ ይኑር፤ ከመሃላቸው ደግሞ ቃሎቹ ምን ማለት እንደሆኑ የሚፈታ አንድ የትርጉም መዝገብ ይቀመጥ፤ እንደ አስተርጓሚ። በዚህ ዓይነት ገበሬው አንድ በር ላይ ይቆማል፤ መመላለሱን ማሽኖቹ ይመላለሱለታል።

ለትርጉም መዝገቡ ቃል መልቀም ነበረብኝና በሚኒባስ ከከተማ ከተማ ዞርኩ። ጊንጪ ሄድኩ፣ ጉደር ሄድኩ፣ በመሃል ባሉት ትንንሽ ከተሞችም ወረድኩ። ሁሉም ቢሮ ውስጥ የምጠይቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «እናንተ ጋ ‹ቤተሰብ› ማለት ምንድን ነው?» ጤና መድን ጋ ቤተሰብ ማለት በአንድ ደብተር የሚታከም ነው። መሬት ጋ ባልና ሚስት ከአካለ መጠን በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር። ቀበሌው ጋ በአንድ የቤት ቁጥር ሥር የተጻፈ ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ሳትቀር። አንዱ ጸሐፊ ጥያቄዬን ሰምቶ ለጓደኛው በኦሮምኛ «ይሄ ሰውዬ ቤተሰብ የለውም መሰለኝ» አለው። ኦሮምኛ የምሰማ አልመሰለውም። እኔም ሳቅኩና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም።

ከእነዚያ ከተሞች በአንዷ ውስጥ፣ ስሟን የማልጠራት፣ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሃያ ዓመት ከዚያ ጨለማ ክፍል አልወጣችም። ኮምፒውተር ሲመጣላት አቧራ እንዳይገባበት በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር እንጂ ብዙም አትከፍተውም። ዕቅዴን በትዕግሥት አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣

«መምህር፣ ይቺ ማሽንህ ሴት አታውቅም» አለች።

«እንዴት?»

«እዚህ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወለዷት ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም። ወረቀት ሲመጣ አንዳንዷ በዚያኛው ትጻፋለች፣ አንዳንዷ በዚህኛው። አንዲት ሴት ሁለት ቦታ ሁለት ሰው ሆና ትገኛለች።»

«ታዲያ አንቺ እንዴት ታገናኛለሽ?»

«ፊቷን አያለሁ። የማን ልጅ ነሽ እላታለሁ። ማን ቤት ነው የገባሽው እላታለሁ። ካላወቅኩ አላውቅም እልና ከሰፈሯ ሰው አስጠራለሁ። ማሽንህ እንዲህ ማለት ትችላለች?»

ልማዱ አዲስ አልሆነብኝም። በዚያ አገር አድጎ አማት ለሙሽራ ስም እንደምታወጣ የማያውቅ የለም። ግን እንደ ሥራ ነገር አስቤው አላውቅም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «የሴቶች ስም፦ ልዩ ሁኔታ፤ በኋላ ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። የአገሩን ግማሽ ሕዝብ ልዩ ሁኔታ ብዬ መጻፌ ያን ቀን አልታወቀኝም።

ይሁን እንጂ ነገሯ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። አንዱ ማሽን ስለ አንድ ሰው ሌላውን ሲጠይቅ ሁለት ሳይሆን ሦስት ዓይነት መልስ ይኖራል። «አለ»፤ «የለም»፤ «አላውቅም፣ ሰው ይጠየቅ»። ማሽኑ «የለም» የሚለው እርግጠኛ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሞቱ ሲመዘገብ። ፈልጎ ካጣ ግን «አላውቅም» ይላል፤ ጉዳዩም እንደዚያች ሴት ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በሙያችን ይሄ የታወቀ ነገር ነው፤ በእኔ መዝገብ አልተገኘም ማለት በምድር ላይ የለም ማለት አይደለም። ተማሪ ሆኜ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

እቴቴ ቤት የገባሁትም በዚያው ሰሞን ነው። እቴቴ የምላት የአባቴን ታላቅ ወንድም ሚስት ነው። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አጎቴ ከሞተ በኋላ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደር ብቻዋን ትኖር ነበር። ሦስት ጥማድ መሬት ነበራት፤ እኩል አራሽ ያርስላታል፣ ጤፍ ትዘራለች። አምቦ መጥተሽ እኔ ጋ ኑሪ ስላት «መሬቴን ለማን ጥዬ?» ትላለች። ሌላ ምክንያት ሰጥታኝ አታውቅም፤ ሌላም አያስፈልጋትም ነበር።

ምን እየሠራሁ እንደምዞር ጠየቀችኝ። ማሽኖች ስለ ሰው እርስ በርስ እንዲጠያየቁ ላደርግ ነው አልኳት።

«የማያውቁትን ሰው ቢጠየቁስ?»

«‹አላውቅም› ይላሉ። ከዚያ ሰው ይጠየቃል።»

«ደግ» አለች። «አላውቅም የሚል አይዋሽም።»

ይቺን ንግግሯን ለተማሪዎቼ ሳይቀር አወራሁላቸው። እኮራባት ነበር፤ ሳይማሩ የሙያዬን ፍሬ ነገር የተናገሩልኝ አሳዳጊ አሉኝ እያልኩ።

ዕቅዱ የቀረበው አምቦ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃና አንድ እስክሪብቶ ተቀምጧል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አልተጠራችም። እንድትጠራ እኔም አልጠየቅኩም። ሰብሳቢው ጎልማሳ፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለመጥላት ይቀልለኝ ነበር። ያ ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ገፋ አደረገና፣

«መምህር፣ ይቺ ሦስተኛዋ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ማሽኑ እርግጠኛ ካልሆነ ነው፣ ኦቦ ሰብሳቢ። ፈልጎ ያጣውን ሰው የለም እንዳይል ነው።»

«ባለጉዳይ ስንት መንገድ ተጉዞ ይመጣል፤ ቢሮው ‹አላውቅም› ሊለው ነው? ካላወቀ ታዲያ ለምን ተከፈተ?»

አዳራሹ ሳቀ። ከጥግ አንዱ ደግሞ «ሰው ይጠየቅ ካልንማ ማሽኑ ለምን ተገዛ?» አለ። ይሄኛውም ተሳቀለት። እኔ ተነሥቼ ስለ ሴቶቹ ስም ለማስረዳት ሞከርኩ። ሙሽራ፣ አማት፣ ስም ማውጣት እያልኩ ስናገር በሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሠርግ ወሬ የማወራ ይመስል ነበር። ከተቀመጡት መካከል አብዛኞቹ ያን ልማድ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እናቶቻቸው ሁለት ስም አላቸው። አንድም ሰው አልደገፈኝም። የእናቱን ጉዳይ ስብሰባ ላይ የሚያነሣ ማን አለ?

«እሺ፣ ገባኝ» አለ ሰብሳቢው። «ግን ሪፖርት ላይ ‹አላውቅም› የሚባል ዓምድ የለንም። አለ ወይም የለም። ያን ሰርዝና ዛሬውኑ እናጽድቀው፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይቆይ።»

ቢቆይ የሚጎዳ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ ጉጉት በቀር። የሠራሁት ነገር ጸድቆ፣ ማኅተም አርፎበት ማየት ፈልጌ ነበር። እስክሪብቶው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን ከኪሴ እርሳስ አወጣሁና በእርሳስ ሰረዝኩት። በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ፤ አጨበጨቡ፤ ምሳ ገባን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ አልታደልኩም።

ሙከራው የተጀመረው በዚያችው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከተማ ነው። የመሬት ደብተሮች በአዲስ ሊቀየሩ ስለነበር ዝርዝሩን ከነዋሪዎች መዝገብ ጋር ማመሳከር ያስፈልግ ነበርና። ኔትወርክ አንድ ሳምንት ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሲጠፋ የመሬቱ ቢሮ ጥያቄውን በፍላሽ አድርጎ በሚኒባስ ረዳት እጅ ወደየቀበሌው ይልካል፤ መልሱም በፍላሽ ይመለሳል። ለፍላሹ ሳይቀር ደንብ አውጥቼለት ነበር፤ ፍላሹ በደረቅ ኤንቨሎፕ ይታሸግ፣ ቀን ይጻፍበት ብዬ። ሥራው መሥራቱን ሰምቼ ደስ አለኝ። ማሽኑ መልስ መስጠት ስለጀመረም የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መደብ ታጠፈ። ወደ ዘመዶቿ ወደ ወለጋ ሄደች አሉኝ። ደውዬ እንኳ ደህና ሁኚ አላልኳትም።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ እቴቴ ደወለች። በክፍል ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። ወጥቼ አነሣሁት።

«ልጄ፣ የለሁም ይላሉ» አለችኝ።

«እነማን?»

«እዚህ ቢሮው። ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። አጎትህ ሞቷል፣ እኔ የለሁም።»

በማግስቱ ሄድኩ። ዝርዝሩ በረንዳው ላይ ተለጥፏል። የእርሻው ቁጥር፣ የአጎቴ ስም፣ ፊት ለፊቱ «ሞት»። ቀጥሎ የእሷ ስም፣ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ስሟ፣ ፊት ለፊቱ «የለም»። ከዚያ በስተቀኝ «ባለይዞታ የሌለው»። እሷ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ማንበብ ባትችልም ጣቴ የቆመበትን ቦታ ታይ ነበር። ቀላል ስህተት መሰለኝ። «አይዞሽ፣ በግማሽ ቀን አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ሙያዬ ነው ብዬ።

«መታወቂያሽን አምጪ» አልኳት። ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታችና ሰጠችኝ። ፎቶው የእሷ ነው። የአባቷ ስም የአባቷ ነው። የእሷ ስም የተጻፈበት ቦታ ላይ ግን ሰምቼው የማላውቀው ስም አለ።

«ይሄ የማን ስም ነው?»

ሳቀችብኝ። «የኔ ነዋ! አባቴ ያወጣልኝ።»

«ለምን በዚህ አስጻፍሽ?»

«መድን ስትገቢ መታወቂያ አውጪ አሉኝ። ያ አዲሱ ጸሐፊ ‹ስምሽን ከነአባትሽ› አለኝ። ከአባቴ ስም ጋር አባቴ ያወጣልኝን አስጻፍኩ። ሌላማ የአማቴ ነው፣ ከአባቴ ጋር እንዴት ይጻፋል? አጥፍቻለሁ?»

አላጠፋችም። መሬቱ የተጻፈ ጊዜ ግን አረንጓዴውን የመሬት ደብተር ያስጻፈው አጎቴ ነው፤ እሱ ደግሞ እናቱ ባወጣችላት ስም እንጂ በሌላ ጠርቷት አያውቅም። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ሁለት እውነት አንድ ላይ ቢመጣ ማሽኑ «አላውቅም» ማለት ነበረበት።

ያን ስም እያየሁ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ያወቅኳት ሴት ስም ነበራት፤ እኔ ደግሞ ጠይቄያት አላውቅም። በየቢሮው እየዞርኩ «ቤተሰብ ማለት ምንድን ነው» ያልኩ ሰውዬ ነኝ። አፈርኩ። እፍረቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ውስጥ ያለው ወጣት ባለሙያ ትሑት ልጅ ነበር። «ኣካም ጂርቱ መምህር» ብሎ ተነሣልኝ። ነገሩን ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

«ፊታቸውን አያቸዋለሁ፣ አምናለሁ። ግን ሲስተሙ የለም ካለ እኔ አለ ማለት አልችልም።»

«‹አላውቅም› ብለህ ለሰው ምራው።»

«እንደዚያ የሚል መልስ የለውም።» መሳቢያውን ከፈተና ሰማያዊውን ሰነድ አወጣ። ገጹን ገልጦ አሳየኝ። እሱ ጋ ያለው ኮፒ ነው፤ መስመሩ ጨርሶ የለም፣ እንደተሰረዘ እንኳ አያስታውቅም። የእርሳስ ስረዛው ያለው እኔ ቤት ባለው ላይ ብቻ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፊርማዬ አለ። ልጁ ፊርማውን አይቶ ሰነዱን ወደ መሳቢያው መለሰው። እቴቴ በሩ ላይ ቆማ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ፍርድ ቤት ሂዱ ይላል» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም፤ ፈሪ ነኝ።

ክሱ እስኪደርስ መሬቱ ለመንደሩ ወጣቶች ማኅበር ተሰጠ። ባለይዞታ የሌለው ነዋ። ወጣቶቹ የጎረቤቶቿ ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከፋው፤ «ይቺ ሴትዮ የእገሌ ሚስት ናት፣ መሬቱም የእሷ ነው» ብለው ሊመሰክሩላት የሚችሉት የእነዚያ ልጆች አባቶች ናቸው። ከቤት ቤት ዞርኩ። አንዱ ወገቡን አሞታል። አንዱ ልቅሶ አለበት። አንድ ሽማግሌ፣ በሠርጓ ቀን ሚዜ የነበሩ፣ «እመጣለሁ፣ እውነት ነው» ብለው ማሉልኝ፤ በቀጠሮው ቀን አልመጡም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ፈለግኳት፤ እቴቴ እንደነገረችኝ እሷ ሁለቱንም ስሟን ታውቅ ነበር። ወለጋ ኔትወርክ የጠፋበት ዘመን ነው። ስልኳ ወራት ሙሉ «ሊያገኟቸው አይችሉም» አለኝ። ማሽን ከማሽን ላገናኝ የተነሣሁ ሰው አንዲት ሴት ማግኘት አቃተኝ።

ምስክር ሆኜ የቀረብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ዳኛዋ ወጣት ነበሩ፣ በጥሞና ያዳምጣሉ። የቢሮው ተወካይ ቀድሞ ተናገረ። ሰማያዊውን ሰነድ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ክብርት ዳኛ፣ በመዝገብ ያልተገኘ ሰው የለም እንደሚባል ደንቡ ይናገራል። ደንቡን የነደፈውም የፈረመውም አሁን ለከሳሽ ሊመሰክር የቆመው ይሄ ምስክር ነው» አለ። ዘወር ብዬ እቴቴን አላየኋትም። ጀርባዬ ግን እሷ ያለችበትን ቦታ ያውቅ ነበር።

ዳኛዋ እኔን ጠየቁኝ። «መታወቂያው ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

«የከሳሽ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ።»

«ከዚህ ጉዳይ በፊት ከሳሽ በዚህ ስም ስትጠራ ሰምተህ ታውቃለህ?»

አዎ ብል ማንም አያስተባብለኝም። እቴቴ መሬቷን ታገኛለች፤ እኔም በሐሰት ምያለሁ። ከእውነተኛነቴ የተነሣ አይደለም ያልዋሸሁት፤ እውነተኛ ብሆን ያ መስመር አይሰረዝም ነበር። አላውቅም የሚል አይዋሽም ያለችኝ ሴት ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። በእሷ ፊት ሁለተኛ መካድ አቃተኝ።

«ሂን ቤኩ ቱሬ» አልኩ። አላውቅም ነበር።

ዳኛዋ ለጸሐፊው አስጻፉት። ጸሐፊው ኮምፒውተሩ ላይ እየመታ ጮክ ብሎ ደገመው። «ምስክሩ በመታወቂያው ላይ በስም የተጠቀሰችውን ሴት አያውቃትም።»

«አውቃታለሁ!» አልኩ። «ስሟን ነው እንጂ እሷን አውቃታለሁ!»

«የተጠየቅከውን መልሰሃል፤ ውረድ» አሉኝ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። የትኛው ጉልበቷ ብርድ ሲሆን እንደሚያማት አውቃለሁ። ስትናደድ ዝም ብላ ጓሮ ወጥታ ቅጠል እንደምትቆርጥ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ስሄድ እስከ ትልቁ መንገድ ሸኝታኝ፣ መኪናው እስኪጠፋ ዞራ እንደማትሄድ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ የጠየቀኝ የለም።

ከችሎት ወጥተን የአጥሩ ጥግ ላይ ተቀመጥን። «እቴቴ፣ ያን መስመር የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሰማሁ» አለች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች «ሚኒባሱ ሳያመልጠን እንሂድ» አለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ወጣቶቹ ድንች ተከሉበት።

ፕሮጀክቱም ብዙ አልቆየም። ዘመኑ ተበጠበጠ፣ ኔትወርኩ ጨርሶ ጠፋ፣ ኮምፒውተሮቹ ተሸፍነው ቀሩ። ሰብሳቢውን በቅርብ አምቦ ገበያ አካባቢ አገኘሁት፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው አሁን። ትከሻዬን ይዞ «መምህር፣ ያ ሲስተምህ ግሩም ነበር፤ ተቋረጠ እንጂ» አለኝ። ሲስተሙ ሞቷል። «የለም» ያለው ግን የለም እንዳለ ቀርቷል፤ ያን የሚያነሣ ደንብ ማንም አላወጣም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸና እያወራ ሄደ። ከልቤ ጠላሁት፤ ከእሱ አስቀድሜ ግን ራሴን።

እቴቴ አሁን አምቦ እኔ ጋ ናት። ስለምናት የኖርኩት ነገር በዚህ መንገድ ተፈጸመልኝ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቱን ግቢ ታያለች፤ ክረምት ሲገባ «አሁን እዚያ ይታረሳል» ትላለች።

ባለፈው፣ ቤቴ የምትኖር መሆኗን ላስመዘግብ ቀበሌ ወሰድኳት። ተራችን ደረሰ። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጠቻት፣ «አዴ» ብላ አክብራ አናገረቻት፣ ቅጹን አስተካክላ ዘረጋች።

«ስምዎትን ማን ልበል?»

እቴቴ አንዴ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል፣

«አላውቅም» አለች።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ቅጹን ተቀብያት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «አላውቅም» የሚጻፍበት ቦታ የለውም።